ከክራር ጣት ወደ ኪቦርድ ጣት

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን ሲወራ አንደኛ የሚነሣው ዘፋኙ ነው። ከዘፋኙ ቀጥሎ፣ ዕድል ከቀናቸው፣ የግጥሙና የዜማው ደራሲዎች ይጠቀሳሉ። ሳክስፎን ነፊውና ጊታር መቺውም አልፎ አልፎ ይታወሳሉ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን ከዘፋኙ ትከሻ ኋላ እንደተቀመጠ የሚቀር ሰው ነው። ይሁንና አንድ ዘፈን ገና ሲጀምር፣ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት፣ «ይቺ እኮ የእገሌ ዘፈን ናት!» ብለን ከወንበር እንድንነሣ የሚያደርገን ብዙ ጊዜ የዚሁ ሰው ጣት ነው። ጣቱ የምትጫወተውም ረጅም ነገር አይደለም፤ ስምንት ወይም ዐሥራ ስድስት ጊዜ እስኪጨበጨብ የምታልቅ፣ አልቃም እንደገና ከመነሻዋ የምትጀምር አጭር ሐረግ ናት። ፈረንጆቹ «ሪፍ» ይሏታል፤ እኛ በዚህች ጽሑፍ «ተመላላሽ ሐረግ» እንላታለን። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይቺ ተመላላሽ ሐረግ ከየት መጣች?

ጥያቄው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩም ሆነ በሌላው ቀበሌ፣ ወጣ ሲሉም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ፣ ቡናው ተለቅሞ፣ ተሸጦ፣ ገንዘብ ገብቶ ሰርግ በሚበዛበት ወራት፣ በየድንኳኑ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ሙሉ ባንድ ሳይሆን አንድ ሰው ነው። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ መብራት ቢጠፋ ደግሞ አንድ ጄኔሬተር። በኦሮምኛውም በአማርኛውም ሕዝቡን ሲያስጨፍር የሚያመሸው እሱው ነው። ስለዚህ ሰው በዶርም ውስጥ ክርክር ሲነሣ ሁለት ወገን እንሆናለን። አንደኛው ወገን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ባይ ነው፤ ኪቦርድ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ክራሩንና ማሲንቆውን ከድንኳን አባረረ፣ ሙዚቃችንን ፕላስቲክ አደረገው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሁሉም ነገር ከኛ የወጣ ነው፣ ከውጭ የተቀበልነው አንዳችም የለም ብሎ ድርቅ ይላል። በኛ አስተያየት ሁለቱም ግማሽ መንገድ ሄደው የቆሙ ናቸው። ሣጥኑ የውጭ ነው፤ ጣቱ የአገር ነው፤ ሁለቱን ያጋባቸው ደግሞ ችግር ነው። ይህን አባባላችንን ከዚህ በታች ለማስረዳት እንሞክራለን። (ዘመኑን ሁሉ የጠቀስነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ለማነጻጸር ያህል መጀመሪያ ከሩቅ አገር እንነሣ። በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ በ1977 «ዌርሃውስ» የሚባል ጭፈራ ቤት ተከፈተ። ሸክላ የሚያጫውተው ከኒው ዮርክ የመጣው ፍራንኪ ናክልስ ነበር። «ሃውስ» የተባለው የሙዚቃ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቤት ነው ይባላል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቺካጎ ወጣቶች በርካሽ በተገኙ የከበሮ ማሽኖችና ኪቦርዶች የራሳቸውን ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። ከነሱ አንዱ ማርሻል ጄፈርሰን ነው። ይህ ሰው ፖስታ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ነበር እንጂ ፒያኖ በትምህርት ቤት የተማረ አልነበረም። በ1986 «ሙቭ ዩር ቦዲ» የተሰኘውን ሥራውን ሲያወጣ ግን የሃውስን ፒያኖ ለዓለም ያሳወቀው እሱ ሆነ። እንዴት ቢሉ፣ ራሱ እንደሚተርከው፣ ጣቱ ለፍጥነቱ ስላልደረሰለት የፒያኖውን ክፍል በዝግታ ተጫውቶ ቀዳና ኋላ ማሽኑን አፈጠነው። ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት ይሄ ነው!

ታዲያ ያቺ የጄፈርሰን ሐረግ ከሰማይ ዱብ አላለችም። ከኋላዋ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ አለ፤ ሰባኪው ሲጠራ፣ መዘምራኑ ሲመልሱ፣ በመሀል እየገባ ሕዝቡን የሚያነሣው ፒያኖ ማለት ነው። ከዚያም የ1970ዎቹ ዲስኮ አለ። ከዲስኮው ጀርባ ደግሞ የኩባና የፖርቶ ሪኮ ሰዎች ኒው ዮርክ ያስገቡት ላቲን ሙዚቃ አለ። በላቲን ሙዚቃ ፒያኖ ተጫዋቹ «ሞንቱኖ» የምትባል አጭር ሐረግ ይዞ፣ ዘፋኙ ቢለዋወጥ፣ መለከቱ ቢገባ ቢወጣ፣ እሱ ሳይለቃት ይዞራል። እንግዲህ ማሽኑ የፋብሪካ ነው፤ በማሽኑ ላይ ያረፈው ጣት ግን ከቤተ ክርስቲያንና ከጭፈራ አዳራሽ የመጣ ነው። ይህን ቁም ነገር ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

በኛ አገር ዘመናዊ የሚባለው ሙዚቃ የጀመረው በኪቦርድ ሳይሆን በነሐስ መለከት ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌም ሳሉ ያዩዋቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡና የመንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) የአገሩን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብር ኖሮ በ1977 ዐረፈ። እነዚህ ሰዎች የተጋፈጡት ጥያቄ ቀላል አልነበረም። የፈረንጅ ስምምነት የተሠራው በሰባት ድምፅ መሰላል ላይ ነው፤ የኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን በአምስት ድምፅ የሚያድሩ ቅኝቶች ናቸው። ሰባቱን በአምስቱ ላይ ብትደርብ ዜማው ይታፈናል፤ ባትደርብ ደግሞ ያ ሁሉ መለከት ሥራ ይፈታል።

ፒያኖም በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት፣ በመኳንንት ቤትና በጥቂት ትምህርት ቤቶች የሚገኝ ዕቃ ነበር። በዚህ ረገድ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን (1923–2023) ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ኋላም መንነው በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ። ግሸን ደግሞ የምትገኘው በአምባሰል ነው፤ የቅኝቱ ስም በወጣበት አገር ማለት ነው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታተመ። የእማሆይን ፒያኖ የሰማ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ቀኝ እጃቸው እንደ ዘፈን ይናገራል፣ እንደ ዜማም ይንቀጠቀጣል፤ ግራ እጃቸው ግን ዝግ ብሎ አንድ ነገር እየመላለሰ ከበታች ይይዘዋል። የበገና ደርዳሪን ጣት ያየ ሰው ይህ ነገር አዲስ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ ስለ ክራር ትንሽ እንናገር፤ ዋናው ነገር እሱ ላይ ነውና። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። በሁለት መንገድም ይመታል። አንዱ መደርደር ነው፤ ጣቶች እያንዳንዱን ክር ለብቻው እየነኩ ዜማ ያወጣሉ። ሌላው መግረፍ ነው፤ ቀኝ እጅ በመምቻ ክሮቹን ሁሉ ጠርጎ ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ያፍናሉ፣ የሚፈለጉትን ብቻ ለቀቅ ያደርጋሉ። ከዚህ የተነሣ ክራር መቺ እየዘፈነ የሚመታ እንደሆነ ጣቱ አጭር ሐረግ ይዛ መዞር ግድ ይሆንባታል፤ አፉ ግጥሙን ይላል፣ ጣቱ ደግሞ አፉ የሚመለስበትን ቤት ትጠብቃለች። አምስት ክር ባለው ዕቃ ላይ ሩቅ መሄድ አይቻልም፤ ስለዚህ መለዋወጡ በርዝመት ሳይሆን በመመላለስ ይመጣል። ቡናችን በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሦስት ጊዜ ሲፈላ ዱቄቱ ያው፣ ጣዕሙ ግን የተለያየ እንደሚሆነው ሁሉ፣ የክራር ሐረግም በተመላለሰች ቁጥር ያው ሳትሆን ያው ናት።

ከክራር ወደ ኪቦርድ ያለውን ወንዝ ያሻገረው ድልድይ፣ በኛ ግምት፣ አኮርዲዮን ነው። ፒያኖ ከባድ ነው፣ ውድም ነው፤ አኮርዲዮን ግን ደረት ላይ ተንጠልጥሎ የትም ይሄዳል፤ በቀኝ በኩል ያለው ቁልፍ ደግሞ የፒያኖ ቁልፍ ነው። በ1946 ሸዋ ውስጥ የተወለደው ሃይሉ መርጊያ በ14 ዓመቱ የጀመረው በአኮርዲዮን ነው። ኋላ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲያገኝ ጣቱ ቁልፉን አስቀድማ ታውቀዋለች። ኦርጋን ደግሞ ከፒያኖ የተለየ ጠባይ አለው፤ ጣት እስካልተነሣ ድረስ ድምፁ አይጠፋም። ስለዚህ እንደ ማሲንቆ ድምፅን ማስረዘም ይቻላል። አገርኛውን ዜማ ለመጫወት ከፒያኖ ይልቅ ኦርጋን የተመቸው ለዚህ ይመስለናል።

አሁን ወደ ጅማው ልጅ እንምጣ። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው በ1943 እዚሁ ጅማ ነው። ኢንጂነሪንግ ይማር ዘንድ ወደ ዌልስ ቢላክም ልቡ ወደ ሙዚቃ አዘነበለና በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ቦስተን በርክሊ ተማረ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። የሸክላውን ስም ልብ በሉልን፤ ላቲን ይላል! ያ ከላይ የጠቀስነው የኒው ዮርክ ላቲን ሙዚቃ፣ በኋላ በዲስኮ በኩል ወደ ቺካጎ ሃውስ የገባው፣ ከዚያ በፊት በአንድ የጅማ ልጅ እጅ ወደ ኢትዮጵያ ዜማ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ሙላቱ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሸክላ ኒው ዮርክ አሳትሞ፣ ኢትዮ ጃዝ ያለውን መንገድ አቃና። የነናልባንዲያንን ጥያቄም በሌላ በኩል ፈታው፤ ባሱና ኪቦርዱ አንድ ተመላላሽ ሐረግ ይዘው ሲዞሩ አምስቱ ድምፅ ከላይ በነጻነት ይሄዳል። ሰባቱን በአምስቱ ላይ ከመደራረብ ይልቅ ዜማውን በሐረግ መያዝ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን የፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ለብዙ ዘፋኞች ሸክላ አቀናብሯል። ከነዚህ ሸክላዎች ከፊሉ በአምሃ እሸቴ ድርጅት የታተሙ ናቸው፤ አምሃ ሪከርድስ ከ1969 እስከ 1975 የሠራ የግል ድርጅት ነበር። የግርማ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ዋልያስ ባንድ በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ይገኛል። በዚህ ሥራ ዘፋኝ የለም። አንዲት ሐረግ ብቻ፣ ተይዛ፣ ተገፍታ፣ ተመልሳ፣ ሰውን ታስጨፍራለች። ዘፋኝ ሳይኖር ዘፈን ይቆማል ወይ ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ሸክላ ላይ አለለት።

ስለ ዋልያስ ከተነሣ አይቀር የሰዓት እላፊውን ማንሣት ግድ ነው። ከ1974 በኋላ በአዲስ አበባ ሌሊት መውጣት ክልክል በሆነበት ጊዜ ባንዱ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። ሰዓቱ ያለፈበት ታዳሚ እዚያው ይታገታል፤ ስለዚህ እስኪነጋ ሙዚቃ ይፈለጋል። እስቲ አስቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ መዝፈን የሚችል ጉሮሮ ከየት ይመጣል? ዘፋኙ ሲደክም ሌሊቱን የሚሸከመው ኦርጋኑ ነው። በአንድ ዜማ ላይ ሩብ ሰዓት ለመቆየት ደግሞ ተመላላሽ ሐረግ የግድ ያስፈልጋል። በሌሎቹ ባንዶችም እንዲሁ የኪቦርድ ሰዎች ነበሩ፤ የዳህላክ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋችና አቀናባሪ ዳዊት ይፍሩ አንዱ ነው። በ1970ዎቹ ማብቂያ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ ካሴቱ በአውቶቡስ ተጭኖ ጅማም አጋሮም ደረሰ። ከካሴቱ ጋር የነዚህ ሰዎች ጣትም አብሮ ደረሰ፤ ስማቸው ግን አልደረሰም።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ለኛ ትልቁ ማስረጃ ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄደና ከባንዱ ሰዎች ገሚሶቹ በዚያው ቀሩ፤ ሃይሉ መርጊያና ግርማ በየነ ከቀሩት ውስጥ ናቸው። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ ሰቨን የተባለው ኪቦርድ ገበያ ላይ ዋለ። በ1984 ዋሽንግተን ውስጥ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሄኖክ ተመስገንና አበጋዝ ሺዖታ የነበሩበት አድማስ የተባለ ባንድ «ሰንስ ኦፍ ኢትዮጵያ» የሚል ሸክላ በራሱ አሳተመ። በ1985 ደግሞ ሃይሉ መርጊያ እዚያው ዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገባና በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በሞግና በዲኤክስ ሰቨን፣ በከበሮ ማሽን እየታገዘ «ሸሞንሟናዬ» ያለበትን ካሴት ቀረጸ። ጄፈርሰን ቺካጎ ላይ ፒያኖውን ያፈጠነው በ1986 እንደነበረ አንባቢ ያስታውሳል። አገሩ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፣ የማሽኑም ዓይነት አንድ፣ ችግሩም አንድ፤ ባንድ ለማቆም ገንዘብ የሌለው ሰው ባንዱን በሁለት እጁ ያቆማል። የወጣው ሙዚቃ ግን ሁለት ነው። ለምን?

ልዩነቱ በጣቱ ነው። የቺካጎው ሰው ሦስት አራት ቁልፍ ባንድ ላይ እየመታ በከበሮው ምት መሀል መሀል ይጥለዋል፤ ስምምነቱን ከቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ስላገኘው እጁ በጅምላ ይወርዳል። የኛው ሰው ግን ቁልፉን አንድ በአንድ ይነካል፤ ይደረድራል እንጂ አይጭንም። ምቱም የእግር ውዝዋዜ የለመደው ጭክጭካ ነው፤ በስድስት ይቆጠራል፣ የሃውሱ በአራት ነው። አንድ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ በአንዱ አገር ሰው እጅ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን በሌላው እጅ ክራር ሆነ። «ኪቦርድ የፈረንጅ ነው» የሚሉ ወገኖች ይህን እንዲያዩልን እንለምናለን።

ወደ ሰርጉ ድንኳንም ስንመለስ ሌላ ምስጢር እናገኛለን። በሰርግ ዘፈናችን፣ ኦሮምኛውም ይሁን አማርኛው፣ አንዱ ያወጣል፣ ብዙው ይቀበላል። ብቻውን የተቀመጠው ኪቦርድ ተጫዋች ተቀባይ ባንድ የለውም። ስለዚህ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ተቀባዮቹ ይሉት የነበረውን ቀኝ እጁ ይመልስለታል። ተመላላሿ ሐረግ እንግዲህ ሁለት እናት አላት፤ አንዷ የክራር ጣት ናት፣ ሌላዋ የተቀባዮች ድምፅ ናት። በኦሮምኛው በኩልም ከክር ወደ ቁልፍ የተሄደበት መንገድ ቅርብ ነው፤ በ2022 ያረፈው አሊ ቢራ ራሱ የዑድ ሰው ነበር።

ይህን ስንል የጠፋ ነገር የለም ማለታችን አይደለም። ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ ኪቦርድ ግን ፋብሪካው በቆረጠለት 12 እኩል ደረጃ ላይ የቆመ ነው። አንቺ ሆዬና አምባሰል በእጅ የተቃኘ ክራር ላይ ያላቸውን ለዛ ያገኙታል ለማለት ያስቸግራል። ማሽኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ምት ብቻ ከፍቶ የሚያመሽ ሰነፍም አለ፤ እሱን አንከላከልለትም። ባንድ የነበሩ ስድስት ሰባት ሰዎች እንጀራም በአንድ ሣጥን መተካቱ እውነት ነው። ነገር ግን ፍርዱ ከዕቃው ወደ ሰውየው ይዛወር ነው የምንለው። ክራርም ቢሆን እኮ ሰነፍ እጅ ከገባ ማገዶ ነው።

ዋናው ጉዳታችን ከዕቃው ይልቅ ከመርሳታችን የመጣ ነው። የካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶ በትልቁ ይወጣል፤ ሐረጓን ያመጣት ሰው ስም በትንሹ ይጻፋል ወይም አይጻፍም። የሃይሉ መርጊያን ነገር እንይ። ካሴቱ ተረሳ፤ እሱም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ በዕረፍቱ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እየተለማመደ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ያን አሮጌ ካሴት ገዝቶ፣ ሰውየውን ፈልጎ አግኝቶ በ2013 እንደገና ባያሳትምለት ኖሮ እስካሁንም እንደተረሳ ነበር። የአድማስም ሸክላ እንዲሁ በ2020 በውጭ ሰዎች እጅ ዳግም ታተመ። የኛን ካሴት ከኛው ሱቅ ገዝቶ የኛን ሰው ለኛ ማሳወቅ! ምስጋና ለነሱ፤ ዕፍረቱ ግን ለማን ይሁን?

በበኩላችን ያሰብነው ሥራ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጅማ የሙላቱ የትውልድ ከተማ መሆኗን ሁላችንም በኩራት እንናገራለን፤ ዛሬ በጊንጆ ጉዱሩ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ድንኳኖች ስለሚጫወቱት ሰዎች ግን አንድ ገጽ የተጻፈ ነገር በእጃችን የለም። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ደብተርና መቅረጫ ይዘን አራት ነገር እንጠይቅ፤ መጀመሪያ የነካኸው መሣሪያ ምን ነበር፣ ማን አስተማረህ፣ ይህችን ሐረግ ከማን ወሰድካት፣ ምን ጨመርክባት? የሚመልሱልን ሰዎች በሕይወት አሉ። ነርሲስ ናልባንዲያንንና እማሆይ ጽጌ ማርያምን ዛሬ መጠየቅ አይቻልም። እነዚህን ግን ይቻላል፤ የሚቀጥለው የሰርግ ወራትም ሩቅ አይደለም።